ሰባተኛው ራስ

ሐሙስ ቀትር ነበር፤ ሳቢያን ላይ ፀሐዩ
ቆርቆሮ ላይ ቆሞ ሰው ሲጠብስ ከላዩ፣
መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ መጥቶ ደግሞ ሲሄድ፣
ካስኩ ገና ሲግል ተመልሶ ሲበርድ፣
ስድስት ራስ ሠራሁ።
ሙሽሪትን አንድ፣ እናቷን ሁለት፣
ሦስት ሚዜዎቿን፤ ስድስተኛዋ አክስት፣
በጅቡቲ ባቡር ሌሊት የገባችው፣
“ጫፍ ጫፉን” እያለች ሦስት ሰዓት የፈጀችው።

እጄ ሂና ሸቶ፣ ወገቤ ተቆርጦ፣
ብሩ በሻሼ ጫፍ እንደ ድንች አብጦ፣
ሦስት ሺህ ስድስት መቶ!
አቦ፣ ማን አለና ዛሬ ከኔ በላይ?
በከዚራ ዛፎች ሥር በባጃጅ ስከንፍ ላይ
ዘይቱን ገዛሁና ለሾፌሩም ሰጠሁ፣
መልስ ሳልጠብቅ እንደ ባለጸጋ ወረድሁ።

ታይዋን ገበያ ውስጥ፣ በረንዳው ጥላ ሥር፣
ዙበይዳ ተቀምጣ ከክሬሙ ክምር፣
መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አስራ።
“ሁለት ካርቶን ስጪኝ” አልኳት በኩራት።
እጇን አልዘረጋችም። ደብተሯን ገለጠች፣
አውራ ጣቷን ልሳ ቅጠል አገላበጠች።
“ነይ፣ አንቺን ላሳይሽ።”

ገጹ ሙሉ እኔ ነኝ።
ስሜ ዘጠኝ ጊዜ በሰማያዊ ቢክ፤
ሻምፖ፣ ቀለም፣ ዊግ፣
አንዱም አልተሰረዘ።
“ያንቺስ ደብተር የታለ?”
ዝም።
“የምስክር ወረቀትሽ መስታወት ገብቶ ተሰቅሏል፤
ሜካፕ፣ ጥፍር፣ ማሳጅ፣ ሁሉም ተፈርሟል።
ቡኒ ከጥቁር ለይተሽ ቀለም የምታውቂ ነሽ፤
ይሄን ቀለም ግን” (ቢኩን አነሳች) “ማነው የከለከለሽ?”

ካርቶን ቀዳ ሰጠችኝ። ጀርባው ላይ ጻፍሁ።
ክሬም፣ ስምንት መቶ አምሳ። ቀለም፣ ሰባት መቶ።
የወንበሩ ኪራይ፣ ዘጠኝ መቶ ወጥቶ።
ውሃ፣ ስምንት ጀሪካን፣ አንድ መቶ ሃያ።
ዘጠና ለመብራት።
ለኢፍቱ፣ ለአጣቢዋ፣ ሦስት መቶ የእጅ ዋጋ።
ቀሪ፣ ስድስት መቶ አርባ።
ከዚያ ላይ ባጃጁ። ከዚያ ላይ ዘይቱኑ።
ከዚያ ላይ ያ መልስ፣ በኩራት የተውኩት።

“ስንት ሰዓት ቆምሽ?”
“አሥራ አንድ።”
“ደሞዝሽስ?”
“ቀሪው ነዋ!”
ሳቀች እንባዋ እስኪመጣ።
“ቀሪማ የቀረ ነው፤ ደሞዝ አይባልም፤
ነገ ካስክ ሲቃጠል እሱም አይተርፍም።
ስድስት ራስ ቆጠርሽ፤ ሰባተኛው የታል?
በኔ ደብተር ሞልተሽ፣ በራስሽ ራስሽ ጠፍቷል።”
ካርቶኑን አልሸጠችልኝም፤ አንዱን ብቻ ሰጠች፣
የቆየውን ዱቤ ሁለት መስመር ሰርዛ።

በእግሬ ተመለስሁ፣ በደቻቱ ድልድይ።
አሸዋ ነው፤ ፍየል ይተኛበታል።
አንድ ሌሊት መጥቶ ግንብ እንደሚነቅል
ማን ብሎ ያምናል?
የኛም ብር እንዲሁ፣ በሰርግ ወር ሲመጣ
አጓርቶ ነው፣ ሞልቶ፤
ረመዳን ሲገባ ባዶ ወንበር ታቅፈን
ዝንብ እናባርራለን።
ከድልድዩ በታች አንዲት ሴት በጣሳ
አሸዋውን ትምሳለች፤
ጎርፍ ካለፈ ስንት ወሩ፣
ሁለት ክንድ ወርዳ ውሃ ትቀዳለች።
ቆሜ አየኋት፣
ጀሪካኗ እስኪሞላ።

ማታ፣ ሱቅ ልንዘጋ፣ ሻሼን ፈታሁት፤
ሦስት ሳምንት ማበጠሪያ ያልነካው ራሴን
መስታወት ውስጥ አየሁት።
ኢፍቱ ሳልጠይቃት ወንበሩን አዞረች፣
ቀጭን ሹሩባ ሠራች፣ አንገቴን አቅንታ፣
ጣቷ ካፍዋ ቀድሞ ሲጫወት አምሽታ።

“ስንት ነው ሒሳቡ?” አልኳት።
“ካንቺ?”
“ከኔ።”
አዲሱን ደብተር ሰጠኋት፣ ቢኩንም ጨምሬ፤
“መጀመሪያ እጅሽን፤ ክሬሙን ከዚያ።”
ቢኩን ነክሳ ቆየች።
ዋጋዋን አስባው አታውቅም ነበር።